መንገዱን እንዲያይ የታዘዘ ግድግዳ



በ1700 ገደማ ፓሪስን የጎበኘ እንግዳ ዛሬ ፕላስ ቫንዶም በምንለው አደባባይ መሐል ቆሞ ዙሪያውን ቢመለከት ግራ ይገባው ነበር። ግድግዳው ያማረ ነው። ምድር ቤቱ በቅስት በቅስት ተደርድሯል፤ ከዚያ በላይ ሁለት ፎቅ ሙሉ የሚወጡ ጠፍጣፋ ዓምዶች አሉ፤ መስኮት ከመስኮት ትክክል ነው። ከግድግዳው ጀርባ ግን ቤት የለም። ባዶ መሬት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቦታውን በ1685 የገዛው ቤተ መጻሕፍቱን፣ አካዳሚዎቹንና የገንዘብ ማተሚያውን ሊያሠራበት አስቦ ነው። ጦርነት ግምጃ ቤቱን አራቆተውና ሐሳቡ ከሸፈ። በ1699 ቦታው ለፓሪስ ከተማ ተላለፈ፤ ዋናው የንጉሡ አርክቴክት ዡል አርዱዋን ማንሳርም ንድፉን ከልሶ አደባባዩን ስምንት ማዕዘን አደረገው። መጀመሪያ የተሠራው የፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው። ከዚያ ከጀርባው ያለው መሬት ለባለጸጎች ተሸጠ። ገዢው በጓሮው በኩል የፈለገውን ያህል ክፍል፣ የፈለገውን ዓይነት ደረጃ መሥራት ይችላል፤ አደባባዩን የሚያየውን ግድግዳ ግን አይነካም። የመጨረሻዎቹ ቦታዎች ተሸጠው እስኪያልቁ እስከ 1720 ገደማ ፈጅቷል። ከገዢዎቹ አንዱ ያ ፈረንሳይን በወረቀት ገንዘብ አበልጽጎ ወዲያው ያከሰራት ስኮትላንዳዊ ጆን ሎው ነው።

የዛሬው ርዕሴ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ ኪነ ሕንፃ ነው። በዚህ ርዕስ የሚቀርቡ ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ባሮክ ጌጥ ያወራሉ፤ ስለ ወርቅ ቅቡ፣ ስለሚጠማዘዘው ግድግዳ፣ ጣሪያ ላይ ስለሚበርሩት መላእክት። ይህን ከማንኛውም የጎብኚዎች መጽሐፍ ታገኙታላችሁ። እኔ ግን የዘመኑ ትልቁ ለውጥ ጌጡ አይመስለኝም። ትልቁ ለውጥ የቤት የፊት ግድግዳ ከባለቤቱ እጅ መውጣቱ ነው። ጓሮው፣ ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱ የባለቤቱ ሆነው ሲቀሩ፣ መንገዱን የሚያየው ግድግዳ የሌላ ሆነ፤ የከተማው፣ የነጋዴው ወይም የንጉሡ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ለንደን ላይ ነገሩን ያመጣው እሳት ነው። ከተማዋ በ1666 ተቃጥላ እንደገና ስትሠራ እንጨት በጡብ ተተካ፤ ቢሆንም እሳት አሁንም ከቤት ወደ ቤት የሚዘልባቸው ሁለት መንገዶች ቀርተው ነበር። አንደኛው ከጣሪያው ሥር ወደ ውጭ የሚወጣው የእንጨት ኮርኒስ ነው። በ1707 የወጣው ሕግ እሱን ከለከለና የጡቡ ግድግዳ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ እንዲሠራ አዘዘ። ሁለተኛው የመስኮቱ እንጨት ነው። የ1709ኙ ሕግ የመስኮት ፍሬም ከግድግዳው ፊት አራት ኢንች፣ ማለትም አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወደ ውስጥ ገባ እንዲል አስገደደ። ዛሬ የድሮ የለንደን ቤት ፎቶግራፍ ስታዩ ያ ጥልቅ መስኮት፣ ጣሪያውን የሚደብቀው ያ ቀጥ ያለ የግድግዳ ጫፍ ውበቱ ይማርካችኋል። ውበቱን የፈጠረው ሠዓሊ አይደለም፤ የእሳት ስጋት ነው።

ከለንደን ወደ ምዕራብ፣ ባዝ በምትባለው የፍል ውኃ ከተማ፣ ጆን ዉድ የሚባል አርክቴክት ከ1728 እስከ 1736 ባሠራው ኩዊን ስኩዌር አደባባይ ላይ የፓሪሱን ዘዴ ወደ ንጹሕ ንግድ ለወጠው። መሬቱን ተከራየ፤ የፊቱን ግድግዳ ራሱ ነደፈ፤ ከዚያ ለግንበኞች ከፋፍሎ አከራየና ከኋላ እንደፈለጋችሁ ሥሩ አላቸው። የአደባባዩን ሰሜናዊ ወገን ፊት ለፊት ቆማችሁ ብታዩት መሐሉ ላይ ሦስት ማዕዘን አክሊል የደፋ የመስፍን ቤተ መንግሥት ነው። በሩን ብትቆጥሩ ግን ሰባት ቤት ነው። በባዝ ለወራት ቤት ተከራይቶ ጠበል የሚጠጣ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ከመስፍን ደጅ እንደሚገባ ሆኖ ይገባል። ማታለል ነው ልትሉት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ብልህ የሪል እስቴት ሥራ እስከ ዛሬም አላየሁም።

ቪየናን አልፋታለሁ። በ1713 ወረርሽኝ ወቅት በስእለት የተጀመረው የካርልስኪርሸ ቤተ ክርስቲያንና የልዑል ኦይገን የቤልቬዴሬ ቤተ መንግሥት ራሳቸውን የቻሉ ንግግሮች ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ግን አሠሪዎቻቸው ለራሳቸው ያሠሯቸው ናቸው። የእኔ ጉዳይ ፊቱን በሌላ ሰው ትእዛዝ የሚያቆመው ባለ ቤት ነው። ለዚህ ደግሞ ከሁሉ የላቀችው ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ ናት።

በግንቦት 1703 ሩሲያ ከስዊድን ጋር ጦርነት ላይ ናት። የሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ጴጥሮስ ጦር ኔቫ ወንዝ ወደ ባልቲክ ባሕር በሚፈስበት አካባቢ የነበረውን የስዊድን ምሽግ ያዘና፣ ወንዙ መሐል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ አዲስ ምሽግ መቆፈር ጀመረ። ቦታው ረግረግ ነው፤ ክረምቱ ረጅም፣ ጎርፉ ተደጋጋሚ። በማግስቱ ስዊድኖች ተመልሰው ሊነጥቁት የሚችሉት መሬት ነው። ንጉሡ ከምሽጉ አቅራቢያ ማረፊያ ፈለገና ወታደሮቹ በሦስት ቀን ቤት ሠሩለት። ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ መኝታ ያለው፣ ከግንድ የተጋደመ ቤት ነው፤ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመው ጴጥሮስ በበሩ ሲገባ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም ነበር። ቤቱ ዛሬም አለ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ግንዱ ላይ የጡብ ሥዕል ተቀብቶበታል፤ መስመሩ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ። ሥዕሉ ከእንጨት ቤት የጡብ ቤት ይሠራል ተብሎ ነው እንግዲህ።

ንጉሡ በአገሩ ሁሉ ላይ ጌታ ሆኖ፣ ከጎኑ ጫካ እያለ፣ ለምን የእንጨት ቤቱን በጡብ ሥዕል ያለብሳል? ጴጥሮስ አምስተርዳምንና ለንደንን በዓይኑ አይቷል። በአእምሮው ያለችው ከተማ ከወንዙ ዳር ሰልፍ የያዙ የጡብ ቤቶች ያሏት ናት። ያ ሥዕል ቤቱ ወደፊት ሊሆን የሚገባውን አስቀድሞ የሚያሳይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት ይህን ሥዕል በትእዛዝ እውን ለማድረግ የተደረገ ሙከራ ናቸው።

ለዚህ የመጣው ሰው ዶሜኒኮ ትሬዚኒ ነው። ዛሬ ስዊዘርላንድ ውስጥ ካለው ጣሊያንኛ ተናጋሪ አካባቢ፣ ከቲቺኖ፣ አስታኖ ከምትባል መንደር የተገኘ ግንበኛ መሐንዲስ ነው። ከዚያ በፊት በኮፐንሃገን ሠርቷል። ሩሲያ የቀጠረችው ለምሽግ ሥራ ነበር፤ እስከ ሞተበት 1734 ድረስ እዚያው ቀረ። በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ ስሞች ጋር ቢወዳደር ትሬዚኒ ታላቅ የጥበብ ሰው ላይባል ይችላል። ጴጥሮስ የፈለገው ግን ሥራውን በሰዓቱ የሚጨርስ፣ ረግረግ የማይፈራ፣ የመሥመር ፍቅር ያለው ሰው ነበር። ያንን አገኘ።

ምሽጉ መጀመሪያ ከአፈርና ከእንጨት ተሠራ፤ ከ1706 ጀምሮ ወደ ጡብ ተለወጠ። ስድስት ማዕዘን ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ሥራውን በበላይነት በያዘው ሰው ስም ተጠራ፤ አንዱ የንጉሡ የራሱ ነው፣ ሌላው የባለሟሉ የሜንሺኮፍ፣ ሌሎቹም የታላላቅ ባለሥልጣናቱ። ስማችሁ ግድግዳው ላይ ካለ ግድግዳው ሲፈርስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ከየአውራጃው በግዳጅ የሚመጣ ገበሬ ነበር፤ ትእዛዙ በዓመት እስከ 40,000 ሰው ይጠይቃል፤ የሚመጣው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ ብዙው በመንገድ ይጠፋል፣ ብዙው በበሽታ ይሞታል። የሟቾቹን ቁጥር የዘመኑ የውጭ አገር ሰዎች በአሥር ሺዎች ቆጥረውታል፤ የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ቁጥር ያለዝቡታል። የግድግዳዎቹን ውበት ስናወራ ግን በዚያ ረግረግ ውስጥ ግንድ እየቸነከረ መሠረት የጣለው ማን እንደሆነ መርሳት የለብንም።

እዚህ ላይ አንድ ስም ስትጠብቁ እንደቆያችሁ አውቃለሁ። የገጣሚው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል በዚሁ የጴጥሮስ ግቢ አደገ። ፈረንሳይ ሄዶ የመድፍና የምሽግ ምህንድስና ተምሮ ተመለሰ፤ የጂኦሜትሪና የምሽግ ሥራ መማሪያ ጽፎ በ1726 ለንግሥት ካተሪና ቀዳማዊት አበረከተ፤ በኋላም ጄኔራል ሆኖ የሩሲያን ምሽጎች ሥራ መርቷል። የቤተሰቡ ትውፊት ከሐበሻ ምድር መጣ ይላል፤ የቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች ግን መነሻውን ወደ ቻድ ሐይቅ አካባቢ ይወስዱታል። ክርክሩ ለሌላ ምሽት ይቆየን።

አሁን ወደ ቤቶቹ። በሞስኮ የመኳንንት ቤት በሰፊ ግቢ መሐል ይቆማል። መንገደኛው የሚያየው አጥር፣ በርና ከአጥሩ በላይ ብቅ የሚል ጣሪያ ነው። ጌታው ማን ይሁን፣ ምን ይኑረው፣ ከበሩ ካልገባችሁ አታውቁም። ጴጥሮስ ይህን ይጠላ ነበር። በአዲሲቱ ከተማ ቤት ከመንገዱ መሥመር ላይ ቆሞ መንገዱን ፊት ለፊት እንዲያይ ታዘዘ፤ ጋጣውና ጓዳው ወደ ኋላ ይሂድ። በ1714 ትሬዚኒ የናሙና ቤቶችን ንድፍ አዘጋጀና በመዳብ ላይ ተቀርጾ ታተመ። ናሙናዎቹ በነዋሪው ማዕረግ የተከፈሉ ናቸው፤ ለተራው ሕዝብ ባለ አንድ ፎቅ ትንሽ ቤት፣ ለባለጸጋው ሰፋ ያለ፣ ለታላላቆቹ ባለ ሁለት ፎቅና የተሸለመ። ቦታ ሲሰጣችሁ የቤታችሁ ፊት ምን እንደሚመስል ተወስኖ ይሰጣችኋል ማለት ነው። መኳንንቱ በራሳቸው ወጪ እንዲሠሩ ተገደዱ፤ የቤታቸውም ትልቅነት በገባሮቻቸው ብዛት ተመጠነ።

ይህ አሠራር ከፓሪስ በምን ይለያል? ፓሪስ ላይ ግድግዳው ቆሞ ጠበቃችሁ፤ ካልወደዳችሁት አትገዙም። ባዝ ላይም እንዲሁ። ፒተርስበርግ ላይ ግን ሰውየው ቤቱን ይፈልግ አይፈልግ የሚጠይቀው የለም። ሞስኮ ውስጥ ሞቅ ያለ የእንጨት ቤት፣ በአቅራቢያው ርስት፣ ከርስቱ የሚመጣ እህልና ማገዶ ያለው ሰው ጎርፍ ወደሚያጥለቀልቃት ደሴት ተዛውሮ የሆላንድ ነጋዴ የሚኖርበት የሚመስል ቤት እንዲሠራ ይታዘዛል።

ድንጋይ ደግሞ የለም። ጴጥሮስ ለዚህም አዋጅ ነበረው። በጥቅምት 1714 ፒተርስበርግ በቂ ሕንፃ እስክታገኝ ድረስ በሌላው የሩሲያ ክፍል ሁሉ የድንጋይና የጡብ ቤት መሥራት ተከለከለ፤ ቅጣቱ ንብረት መወረስና ግዞት ነው። ግንበኞቹ ሥራ አጥተው ወደ ኔቫ እንዲጎርፉ የታሰበ ነው። ከዚሁ ጋር የድንጋይ ግብር መጣ። ወደ ከተማዋ የሚገባ ጋሪ ሁሉ ሦስት ድንጋይ፣ መርከብ ሁሉ እንደ መጠኑ ከአሥር እስከ ሠላሳ ድንጋይ ይዞ መምጣት አለበት። ይህ ግብር እስከ 1776 ድረስ ቆይቷል። እህል ጭኖ የመጣ ጋሪ ድንጋዩን ሳያራግፍ ከተማ አይገባም፤ መንገዶቿና የወንዝ ዳሯ የተነጠፉት በዚህ መልክ በተሰበሰበ ድንጋይ ነው።

እስከዚያው ግን አብዛኛው ሰው በማዛንካ ይኖር ነበር። ማዛንካ ከእንጨት ማገር የተሠራና በጭቃ የተመረገ ነው፤ እኛ ጭቃ ቤት የምንለው ዓይነት። ትእዛዙ ይህንንም አልተወውም፤ ከምርጊቱ በላይ ጡብ መስሎ እንዲቀባ አስገደደ። ንጉሡ በ1703 ለራሱ ያደረገውን በከተማው ሁሉ አደረገ።

ታላላቆቹ ሕንፃዎች ላይ ትሬዚኒ ይበልጥ የተዋጣለት ይመስለኛል። የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ካቴድራል በ1712 ተጀመረ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው በአምስት ጉልላትና በአራት ማዕዘን አካሉ ነው፤ ይህኛው ግን ረጅም አዳራሽ ሆኖ ምዕራብ ጫፉ ላይ እንደ መርፌ የተሳለ ጫፍ ያለው የደወል ማማ ተተከለበት። ጴጥሮስ ማማው ከቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ እንዲያልቅ አዘዘ። እንግዳ ሲመጣበት ወደ ላይ ያወጣና ከተማውን ያሳየው ነበር፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የሚታየው ግን ከሞላ ጎደል ቦይ፣ ረግረግና የቤት መሥመር የተሳለበት ባዶ መሬት ነበር። ማማው የሞስኮን የኢቫን ታላቁን ደወል ቤት እንዲበልጥ ታስቦ ተሠራ፤ በለጠውም። ጴጥሮስ በ1725 ሲሞት ቤተ ክርስቲያኑ አላለቀም ነበርና አስከሬኑ ግንቡ ባልተጠናቀቀው ካቴድራል ውስጥ በጊዜያዊ የእንጨት ጸሎት ቤት ለዓመታት ቆየ። ሕንፃው የተጠናቀቀው በ1733 ነው። በ1756 መብረቅ መትቶት ማማው ተቃጠለና እንደገና ተሠራ፤ ዛሬ ከነመልአኩ 122.5 ሜትር ይረዝማል።

ይበልጥ የምወደው ግን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሠራውን የአሥራ ሁለቱን ኮሌጆች ሕንፃ ነው፤ ኮሌጅ ያኔ ሚኒስቴር ማለት ነበር። በ1722 ተጀምሮ ለሃያ ዓመት ገደማ ተሠራ። ትሬዚኒ አሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ሕንፃዎችን ጎን ለጎን አቆመ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያ፣ የራሱ መግቢያ አለው፤ ተያይዘው ግን ወደ 400 ሜትር የሚረዝም አንድ ቀይና ነጭ ግድግዳ ሆነዋል። ጦር ሚኒስቴር ከፍትሕ አይበልጥም፣ ሲኖዶሱ ከንግድ መሥሪያ ቤት ሰፋ ያለ በር የለውም። በዘመኑ አውሮፓ የመንግሥት ሕንፃ ሲባል መሐሉ ከፍ ብሎ፣ ክንፎቹ ዝቅ ብለው የበላይና የበታች የሚነገርበት ነበር። ይህ ግን ሰልፍ ነው፤ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ። አዛዡ ከሰልፉ ውጭ እንደቆመ ማንም ያውቃል። ሕንፃው ዛሬ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ዋና ሕንፃ ነው።

ይህ ሕንፃ ከቆመበት ከቫሲሌቭስኪ ደሴት ይልቅ የሐሳቡን ውድቀት የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። ደሴቱ በቀጥተኛ ቦዮች ተከፋፍሎ ሁለተኛ አምስተርዳም እንዲሆን ታቅዶ ነበር። በ1716 ፈረንሳዊው አርክቴክት ለብሎን በ5,000 ሩብል ዓመታዊ ደመወዝ መጥቶ በሚቀጥለው ዓመት መላ ከተማዋን በሞላላ ምሽግ የከበበ ግሩም ፕላን ሳለ፤ በ1719 ፈንጣጣ ገደለውና ፕላኑ ወረቀት ላይ ቀረ። ከቦዮቹም ጥቂቶቹ ተቆፍረው ኋላ ተደፈኑ። እስከ ዛሬ በደሴቲቱ የመንገድ ሁለት ዳሮች ለየብቻ ቁጥር አላቸው፤ በመሐላቸው ሊፈስ ታስቦ የነበረው ውኃ ግን የለም።

ቤቶቹስ? ንጉሡ የሚቆጣጠረው ከመንገድ ሆኖ የሚያየውን ነው። እናም ብዙ ባለርስት የሚታየውን ብቻ ሠራ። ፊቱ ተለስኖ ተቀባ፤ ውስጡ ወለል ሳይነጠፍለት፣ ምድጃ ሳይሠራለት ቀረ። ጴጥሮስ ሞቶ የልጅ ልጁ ጴጥሮስ ዳግማዊ በ1728 ቤተ መንግሥቱን ወደ ሞስኮ ሲመልስ መኳንንቱ እፎይ ብለው አብረውት ሄዱ። ቤተ መንግሥቱ እስከ ተመለሰበት እስከ 1732 ድረስ ከተማዋ ግማሽ ባዶ ነበረች። በ1739 የጎበኛት ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ አልጋሮቲ ግድግዳዎቹ ተሰነጣጥቀውና አዘንብለው አግኝቷቸዋል። ልብ አድርጉ፣ ባዝ ላይ ግድግዳውን የተሸከመው ከኋላው ሊኖርበት የፈለገ ሰው ነው። ፓሪስ ላይም የአደባባዩን ግድግዳ ያቆየው ከኋላው ቤት ለመሥራት የከፈለ ገዢ ነው። ቫሲሌቭስኪ ላይ ከግድግዳው ጀርባ የቆመው ቅጣትን መፍራት ብቻ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲነሳ ልስኑም ተከተለው።

ታዲያ ከተማዋ እንዴት ተረፈች? በ1736 እና በ1737 ሁለት ትልልቅ ቃጠሎዎች መሐል ከተማውን በሉት። ንግሥት አና ከተማዋን በሥርዓት የሚያሠራ ኮሚሽን አቋቋመች፤ የኮሚሽኑ ዋና አርክቴክት በጴጥሮስ ዘመን ጣሊያን ሄዶ የተማረው ሩሲያዊው ፒዮትር ዬሮፕኪን ነበር። ዬሮፕኪን ሰውን በግድ ወደ ደሴቱ መውሰድ ትቶ፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ሠፍሮበት ወደነበረው፣ የባሕር ኃይል መርከብ ወደሚሠራበት አድሚራልቲ አካባቢ ዞረ። የቤቱን ከመንገድ መሥመር ጋር መስተካከል አልተወም፤ መሥመሩን ግን ሰው በሚኖርበት ዘረጋው። ከአድሚራልቲ ማማ የሚነሱትን ሦስት ረጃጅም ጎዳናዎች፣ ኔቭስኪን፣ ጎሮኾቫያንና ቮዝኔሴንስኪን፣ በአንድ ፕላን አስተሳስሮ የከተማዋን አጥንት አደረጋቸው። በ1740 በቤተ መንግሥት ሴራ ተከሶ ከደጋፊው ከሚኒስትር ቮሊንስኪ ጋር አንገቱ ተቀላ። ንግሥቲቱ ሰውየውን ብትገድልም ጎዳናዎቹ በሱ ንድፍ መሠረት መሠራታቸው ቀጠለ፤ ዛሬም ሦስቱም ጎዳናዎች በዚያው መሥመር ላይ ናቸው።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ስለ ቪየና ልትጠይቁኝ የምትፈልጉ ካላችሁ አሁን እጃችሁን አንሡ።